ልጆቻችን የሚማሩት የአሜሪካ ታሪክ የእኛም ጉዳይ ነው



በታሪክ ክርክር እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚያህል የለም። ሁለት ሆነን ቡና ስንጠጣ ወሬው ከአድዋ ይጀምራል፤ ሦስት ስንሆን ዘመነ መሳፍንት ይጨመራል፤ አራት ስንሆን ደግሞ የስድሳ ስድስቱ አብዮት ይነሳና ሁለቱ ተኳርፈው ይለያያሉ። በሬዲዮው፣ በድረ ገጹ፣ በስብሰባ አዳራሹ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ማን ምን እንደሠራ፣ ማን ማንን እንደከዳ ስንተነትን ሌሊቱ ይነጋል። ይህንን በክፉ አናየውም። በታሪኩ የማይከራከር ሕዝብ ታሪኩን ሌላ ይጽፍለታልና።

የሚገርመን ሌላ ነገር ነው። እኛ ሳሎን ተቀምጠን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ስንከራከር፣ በዚያው ቤት በሚቀጥለው ክፍል የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጃችን ላፕቶፑን ከፍቶ ታሪክ ይማራል። የሚማረው የአሜሪካን ታሪክ ነው። ምን እንደሚማር፣ የሚማረውን ማን እንደጻፈው፣ የሚያየውን ቪዲዮ ማን እንዳዘጋጀው የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? የሒሳቡን ውጤት እንጠይቃለን። የሳይንሱንም እንጠይቃለን፤ ዶክተር እንዲሆንልን እንፈልጋለንና። ታሪኩን ግን «እሱ የእነሱ ነው» ብለን እንተወዋለን።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንለው ይህንን ነው፤ ነገሩ የእነሱ ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው። ልጁ የሚማረው በአብዛኛው በኮምፒውተር፣ በእኛው ጣሪያ ሥር ስለሆነ ደግሞ «ትምህርት ቤቱ ያውቃል» የሚለው ማመካኛ ከእንግዲህ አይሠራም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱ ምን ይመስላል?

በአሜሪካ አንድ አገር አቀፍ የታሪክ ሥርዓተ ትምህርት የለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ያወጣል። በካሊፎርኒያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የአሜሪካ ታሪክ ይማራል። የቴክሳሱ የ8ኛ ክፍል ትምህርት እስከ 1877 ያለውን ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ያለው ለሁለተኛ ደረጃ ይቆያል።

በኢንተርኔት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የፍሎሪዳው የመንግሥት የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1997 ነው። ነገሩ ሁሉም ቤት የገባው ግን በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነው። በኋላ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልተመለሰም። ንባቡ፣ ቪዲዮው፣ የቤት ሥራው፣ ፈተናው በዚያው ቀረ።

የተለመደው ትምህርት እንዲህ ነው። ልጁ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ያያል። አንድ ገጽ ያነባል። ከዚያ አሥር የምርጫ ጥያቄ ይቀርብለታል። ሲጫን ማሽኑ ወዲያው ያርመዋል። ከአሥር ዘጠኝ ካገኘ «ጨርሻለሁ» ብሎ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። የነፃነት አዋጁ በ1776 እንደወጣ ያውቃል። ለምን እንደወጣ፣ ማንን ነፃ እንዳወጣ፣ ማንን እንዳላወጣ ግን የጠየቀው የለም።

ውጤቱም ታይቷል። በ2022 በመላ አገሪቱ በተሰጠው የ8ኛ ክፍል ምዘና በአሜሪካ ታሪክ ብቁ የሚባለውን ደረጃ ያገኙት ተማሪዎች 13 ከመቶ ብቻ ናቸው። 40 ከመቶው ከመሠረታዊው ደረጃ በታች ወደቁ። አማካይ ውጤቱ ከ2018ቱ ምዘና በ5 ነጥብ ወርዷል። በሥነ ዜጋ ትምህርት ደግሞ ብቁ የሆኑት 22 ከመቶ ነበሩ። ይህ የፈረንጅ ልጆች ብቻ ውጤት አይደለም፤ የእኛም ልጆች የሚቀመጡት በዚያው ክፍል ነው።

«የእነሱ ታሪክ ነው» ለሚሉን

በመጀመሪያ እኛ እዚህ አገር እንዴት ገባን? በአውሮፕላን ነው የሚል ይኖራል። አውሮፕላኑ ያመጣን ሕግ ስለፈቀደለት ነው። ያ ሕግ ደግሞ ታሪክ አለው።

በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ዜግነት የሚሰጠው «ነፃ ለሆነ ነጭ ሰው» ብቻ መሆኑን ደነገገ። የእርስ በርስ ጦርነቱ አብቅቶ ባርነት ከተሻረ በኋላ፣ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በአገሪቱ ምድር የተወለደና ለሕጓ ተገዥ የሆነ ሁሉ ዜጋ ነው አለ። በ1870 የዜግነት ሕጉ ለአፍሪካ ተወላጆችም ተከፈተ። በ1924 ደግሞ በሩ ተመልሶ ጠበበ። በዚያ ዓመት በወጣው የኮታ ሕግ ጀርመን በዓመት 51,227 ሰው እንድትልክ ሲፈቀድላት፣ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮታ 100 ሰው ነበር። አንድ መቶ!

ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጥቅምት 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር በፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ሊወጣ የቻለው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው በታገሉበት፣ በተደበደቡበትና በሞቱበት ዘመን ነው። ከዚያ በ1980 የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ በሱዳን በኩል ያለፈው ወንድማችን የገባው በዚህ ነው። በ1990 በወጣው ሕግ ደግሞ ዲቪ ተፈጠረ። እንግዲህ አንድ አባት «የሲቪል መብት ትግል የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው» ሲል ልጁ ቢሰማ ምን ይለዋል? የገባህበትን በር ማን ከፈተልህ ቢለውስ?

የ14ኛው ማሻሻያ ነገር ያረጀ ወሬ የሚመስለን ካለን ጥር 2025ን እናስታውስ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በያዙበት ቀን በአሜሪካ ምድር የሚወለዱ አንዳንድ ልጆችን ዜግነት የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ነገሩም ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቆቹ የተከራከሩት ሚድል ስኩል ላይ በሚነበበው በዚያው የ1868ቱ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር በምርጫ ጥያቄ ብቻ ያለፈው ልጅ፣ ክርክሩ ስለ ራሱ ወይም ስለ አጎቱ ልጅ መሆኑን በምን ያውቃል?

ብዕር የያዙ ሰዎች ታሪክ

ሁለተኛው ምክንያታችን እኛን ጋዜጠኞችን ይበልጥ ይነካናል። በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ዓመታት ቆይተን የተሰደድን ሰዎች የአሜሪካን ታሪክ ስናነብ ዘመዶቻችንን እናገኝበታለን።

በ1735 ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ፒተር ዜንገር የተባለ አታሚ ገዥውን የሚነቅፍ ጋዜጣ በማተሙ ታስሮ ለፍርድ ቀረበ። ባለቤቱ እሱ እስር ቤት እያለ ጋዜጣው እንዳይቋረጥ አደረገች። ጠበቃው «የታተመው እውነት ከሆነ ወንጀል አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ያንን ባይቀበሉም ጁሪው በነፃ አሰናበተው።

በ1798 ደግሞ አዲሲቱ ሪፐብሊክ ራሷ መንግሥትን በሐሰት መተቸት ወንጀል ነው የሚል ሕግ አወጣች። አዘጋጆች ታሰሩ። የቨርሞንቱ የምክር ቤት አባል ማቲው ላየን በዚሁ ሕግ ተፈርዶበት እስር ቤት ሳለ ሕዝቡ መልሶ መረጠው። ሕጉ በ1801 ጊዜው አልፎበት ሞተ፤ የተፈረደባቸውንም ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ይቅር አሏቸው። የምርጫ 97ን ማግስት፣ የታሰሩትን አዘጋጆችና የተመረጡ ሰዎች የሚያስታውስ አንባቢያችን ይህንን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገንም።

በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ኤላይጃ ላቭጆይ የተባለ የፀረ ባርነት ጋዜጣ አዘጋጅ ማተሚያ መሣሪያው ሦስት ጊዜ ተሰባብሮበት፣ አራተኛውን ሲከላከል ተገደለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1838 ከባርነት አመለጠ። የሕይወት ታሪኩን በ1845 ሲያሳትም ጌታው እንዳያስይዘው ተሰግቶ ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ተሻገረ። ሁለት ዓመት ገደማ በስደት ቆይቶ፣ የእንግሊዝ ወዳጆቹ ዋጋውን ከፍለው ነፃ አስወጥተውት ተመለሰ። በ1847ም በሮቸስተር ከተማ የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ። አይዳ ቢ. ዌልስ በ1892 ሜምፊስ ውስጥ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መስቀልን የሚያወግዝ ርእሰ አንቀጽ ስለጻፈች ዝግጅት ክፍሏ ተደመሰሰ፤ ከተመለሰች እንደምትገደል ተነገራት፤ እሷም ከሰሜን ሆና መጻፏን ቀጠለች።

ስደተኛ ጋዜጠኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቻችን ማስረዳት አቅቶን ስንት ጊዜ ተቸግረናል! «አባዬ ለምን አገርህ አትመለስም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦልናል። ከዳግላስ ጀምረን ብናስረዳው ልጁ በአንድ ምሽት ይገባዋል።

የእኛም ሰዎች አሉበት። በኒውዮርክ የሚገኘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1808 ሲመሠረት፣ በቆዳ ቀለማቸው ተለይተው መቀመጥን እምቢ ብለው ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩ የቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ይናገራል። ከቺካጎ የተነሣው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችንን መርቷል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም ወጣ። የስደት ጋዜጣ በእኛ ዘመን የተጀመረ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ይህን በ8ኛ ክፍል ትምህርት ውስጥ የሚያገኝ ልጅ ከኖረ ዕድለኛ ነው። የጎደለውን መሙላት ደግሞ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ሥዕሉን ማን ሣለው?

በኢንተርኔት ታሪክ ማስተማር ከንቱ ነው የሚል አቋም የለንም። እንዲያውም በደንብ ከተያዘ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እናሳይ።

መጋቢት 5 ቀን 1770 ቦስተን ከተማ ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱ ክሪስፐስ አተክስ የአፍሪካና የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ዝርያ ያለው ሰው ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፖል ሪቪር የተባለ አንጥረኛ ድርጊቱን በመዳብ ላይ ቀርጾ፣ አትሞ ሸጠ። በሥዕሉ ላይ ወታደሮቹ ተሰልፈው፣ አዛዡ ከኋላቸው ጎራዴውን አንስቶ «ተኩስ» ሲል ይታያል። ሕዝቡ ባዶ እጁን ነው። ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ በየመማሪያው አለ፤ ልጁም አይቶት ያልፋል።

አሁን የኢንተርኔቱን ጥቅም እንይ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ መዝገብ ቤቱ ዋናዎቹን ሰነዶች በነፃ ከፍተዋል። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሥዕሉን በአንድ መስኮት፣ የአዛዡን የካፒቴን ፕሬስተንን ቃል በሌላ መስኮት ከፍቶ ማስተያየት ይችላል። አዛዡ «ተኩስ አላልኩም፤ ሕዝቡ በዱላና በበረዶ ድብልቅ እየመታን ነበር» ይላል። ከዚያ የፍርድ ቤቱን ውጤት ያያል፤ ፕሬስተን በነፃ ተለቀቀ፤ ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ በነፃ ሲሰናበቱ ሁለቱ በማይታሰብ ግድያ ጥፋተኛ ተባሉ። ጠበቃቸው ደግሞ የነፃነት ትግሉ ደጋፊ የነበረው ጆን አዳምስ ነበር። ሕዝብ የጠላቸውን ሰዎች በሕግ ፊት የተከላከለው ይኸው አዳምስ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ከላይ ያነሳነውን የ1798 ሕግ ፈረመ። ልጁ ይህንን ሲያገናኝ ጀግና የሚባል ሰውም እንደሚሳሳት፣ ባለሥልጣን መሆን ሰውን እንደሚለውጥ ከእኛ ስብከት ሳይጠብቅ ይማራል።

ሥዕሉን ማን ሣለው? መቼ? ለማን? ምን እንዲሰማን ፈልጎ? ሌላው ምስክር ምን ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛ አዲስ አይደሉም። በመንግሥት ጋዜጣ የሠራ ሰው ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ርእስ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ የሟች ቁጥር በየትኛው አንቀጽ እንደሚቀበር ያውቃል። በ2005 አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ከምርጫው በኋላ የተገደሉትን የአጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲል ቆጥሯቸዋል፤ ኮሚሽኑን የመሩት ሰዎች ግን አገር ጥለው ወጥተዋል። ቦስተን የሞቱት አምስት ናቸው። የእነሱ የምስክሮች ቃል ከ250 ዓመት በኋላ በሕፃናት ይመረመራል። የልጆቻችን ልጆች የእኛን 193 በዚህ ዓይነት ሰነድ በሰነድ ይመረምሩ ይሆን? መልሱ ያለው ዛሬ ሰነድ መመርመር በሚማሩት ልጆች እጅ ነው።

የኢንተርኔቱ ጉዳትም የዚያኑ ያህል ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት በ12 ስቴቶች ከ7,800 በላይ የተማሪ መልሶች ሰብስበው ነበር። ከሚድል ስኩል ተማሪዎቹ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት «ስፖንሰር የተደረገ» የሚል ምልክት ያለበትን ማስታወቂያ እውነተኛ ዜና ነው ብለው አመኑ። በሌላ ጥናታቸው ደግሞ የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና መረጃ አጣሪ ጋዜጠኞችን አወዳደሩ። የማያውቁትን ድረ ገጽ ማንነት ቶሎና በትክክል የለዩት ጋዜጠኞቹ ናቸው። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን አላነበቡም፣ ሌላ መስኮት ከፍተው ሌሎች ስለ እሱ የሚሉትን ጠየቁ። አገር ቤት ሳለን ይህንን «ወሬውን ከሁለት ምንጭ አጣራ» እንለው ነበር። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ አሳምሮ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ልጁ የቤት ሥራውን ለእሱ ሰጥቶ ቢገላገል ማን ያውቅበታል? ማጣራትን ያልለመደ ልጅ ባማረ አነጋገር ይረታል።

አንድ ቃል የሚለውጠው

ታሪክ በአሜሪካም የጦር ሜዳ ሆኗል። በ2015 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ተማሪ በጂኦግራፊ መጽሐፉ ላይ ያየውን ለእናቱ ላከላት። መጽሐፉ የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ «ሠራተኞችን» ከአፍሪካ አመጣ ይል ነበር። ሠራተኞች! እናትየው ነገሩን ለሕዝብ ገለጠችው፤ አሳታሚውም በኮምፒውተር የሚነበበውን ወዲያው እንደሚያርም ተናገረ። የታተመው መጽሐፍ ግን በልጆች ቦርሳ ውስጥ ነበር።

በዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ አንዲት እናት ልጇ የሚማረውን ስላየች የአንድ ትልቅ አሳታሚ ቃል ተለወጠ። ሁለተኛው፣ በኮምፒውተር ያለ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት ይለወጣል፤ ለበጎም ለክፉም። ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ማንም ሊክደው አይችልም፣ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ዛሬ ልጁ ያነበበው ገጽ በሚቀጥለው ዓመት ያው ላይሆን ይችላል። ማን ለወጠው ብሎ የሚጠይቅ ካልኖረ የተለወጠ መሆኑም አይታወቅም።

በነሐሴ 2019 ኒውዮርክ ታይምስ የአገሪቱን ታሪክ ከባርነት አንፃር የሚመለከት «1619» የተባለ ሥራ አወጣ። መልስ እንዲሆን በ2020 የ1776 ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በጥር 2021 ሪፖርቱን አውጥቶ በሁለት ቀኑ ፈረሰ፤ በጥር 2025 ደግሞ እንደገና እንዲቋቋም ታዘዘ። በ2021 ቴክሳስን ጨምሮ በርካታ ስቴቶች መምህራን ስለ ዘር ጉዳይ እንዴት እንደሚያስተምሩ የሚገድብ ሕግ አወጡ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ በኅዳር 2022 የቀረበው የታሪክ ትምህርት መመዘኛ ረቂቅ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ተመለሰ፤ ተሻሽሎ የጸደቀው በሚያዝያ 2023 ነው። በዚያ መሐል ስብሰባዎች ነበሩ፤ ማንኛውም ነዋሪ አስተያየት እንዲሰጥ ይጋበዝ ነበር። ኢምባሲ ፊት ለፊት በብርድ ቆመን መፈክር ስናሰማ ስንት ሰዓት አጥፍተናል? ያንን ማድረጋችን ትክክል ነው። ለልጆቻችን ትምህርት አንድ ማክሰኞ ምሽት የካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ ብንቀመጥ ግን ምን ይጎድልብን ነበር?

የእኛ አቋም ከሁለቱም ጎራ አይደለም። አሜሪካን ያለ እንከን አድርጎ የሚያስተምር መጽሐፍ የመንግሥት ጋዜጣ ነው፤ ሽታውን ከሩቅ እናውቀዋለን። አሜሪካን ከወንጀል በቀር ምንም የሌለባት አድርጎ የሚያስተምርም በሌላ በኩል የተገለበጠ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ጀፈርሰን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብሎ ጻፈ፤ በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ በረቂቁ ላይ አስገብቶ ነበር፤ ጉባኤው አወጣው። በ1860 በተደረገው ቆጠራ በባርነት ያሉት ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። ጥቁሮቹ የተከራከሩት ደግሞ በዚያው በጀፈርሰን ቃል ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ መያዝ የሚችል የ13 ዓመት ልጅ ካፈራን አድርባይም ጭፍንም አይሆንብንም።

ልጁ መልሶ ሲጠይቀን

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህንን ሲሰሙ ይቆጣሉ። «ልጆቻችን አድዋን ሳያውቁ፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ስለ ቦስተን ታወራላችሁ?» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ልጆቹ ኢትዮጵያን ካላወቋት አይናፍቋትም። ነገር ግን አንዱ ሌላውን አያስቀርም። በአንዱ ታሪክ መጠየቅን የለመደ ልጅ በሌላውም ይጠይቃል።

ምናልባት የምንፈራው ይህንኑ ይሆን? ስለ አሜሪካ ባርነት ሦስት ሳምንት የተማረች ልጅ እራት ላይ «በእኛ አገርስ ባሪያ ነበር?» ብትል ምን እንመልስላታለን? አልነበረም ብለን እንዋሽ? ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በሚቀጥለው ዓመትም አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ከአሜሪካ 77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህንን ከእኛ ካልሰማች ከኢንተርኔት ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ስለ አድዋ የነገርናትንም ሁሉ ትጠራጠራለች። እውነቱን ከነገርናት ግን አድዋ ይበልጥ እንጂ አያንስባትም። ለነፃነቱ የተዋጋ ሕዝብ በቤቱ ውስጥ ያልነፃ ሰው እንደነበረው ማወቅ ያሳፍራል፤ ማወቅን መፍራት ግን ይበልጥ ያሳፍራል።

በእኛ አገር ፖለቲካ ውስጥ ያለው በሽታ የታሪክ እጥረት አይደለም። ታሪክ ሞልቶናል። ያጣነው ሰነድ አስቀድሞ የሚከራከር፣ የሌላውን ምስክር ቃል እስከ መጨረሻው የሚያነብ፣ «ይህንን በምን አወቅክ?» ሲባል የማይቆጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በ50 ዓመቱ አይጀመርም፤ በ12 ዓመቱ ነው የሚጀመረው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከባድ ነገር አንጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን ለ20 ደቂቃ ልጁ አጠገብ እንቀመጥ። እንግሊዝኛችን ባይሞላም በአማርኛ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህንን የጻፈው ማነው? መቼና ለምን ጻፈው? ሌላው ወገን ምን ይላል? ልጁ መልሱን በአማርኛ ሲፈልግ ቋንቋውንም እግረ መንገዱን ይማራል። የታሪክ መምህሩን ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ ዋናውን ሰነድ ያስነብቡ እንደሆነ እንጠይቃቸው። አብዛኞቹ መምህራን የሚጠይቃቸው ወላጅ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ለዜግነት ፈተና የምንዘጋጅም አለን። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው ከ128 ጥያቄዎች 20 ተጠይቆ 12 መመለስ ይጠበቅበታል። ጥያቄዎቹ ልጁ ከሚማረው ጋር አንድ ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ የመብት ትግሉ። አባትና ልጅ፣ እናትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ አብረው ቢያጠኑ ማን ይጎዳል? እንዲያውም ልጁ ወላጁን ሲያስተምር የሚያገኘው ክብር በምንም ቪዲዮ አይገኝም።

አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና የኮሙኒቲ ማኅበራቱም የቅዳሜ ትምህርት አላቸው። ከፊደሉ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ለታሪክ ቢጨምሩ፣ ዳግላስንና ዶክተር መላኩን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስተምሩ ጥሩ ነው። በስደት ላይ ያለን ጋዜጠኞችና መምህራን ብዙ ነን። ታክሲም ነዳን፣ ፓርኪንግም ጠበቅን፣ የዕለት እንጀራችንን ለማግኘት ያልሞከርነው የለም፤ ሙያችንን ግን አልረሳነውም። ወሬን ከእውነት መለየት ለልጆች ማስተማር ከእኛ የተሻለ የሚችል ማን አለ? በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ያላችሁ አንባቢዎቻችንም፣ የልጆቻችሁ መጽሐፍ ስለምትኖሩበት አገር ታሪክ ምን እንደሚል ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ክርክሩ ጋብ ሲል ወደሚቀጥለው ክፍል ገብታችሁ «ዛሬ በታሪክ ምን ተማራችሁ?» በሉ። ልጁ «ምንም» ይላችኋል፤ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ይላሉ። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ቸር ይግጠመን።